ከመዲና መዝገብ እስከ ቀበሌ መዝገብ

   

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርእስ የታሪክ ርእስ ነው። ከተማ የተቸገረ ነዋሪውን በቀድሞው ዘመን እንዴት ይረዳ ነበር፣ በእኛስ ዘመን እንዴት ይረዳል የሚለው ነው። ነገር ግን ወሬውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ መስኮት እጀምራለሁ።

አርባ ምንጭን ለማታውቁ አድማጮቻችን፣ ከተማዋ ላይና ታች አላት። ታች ሜዳው ላይ ሲቀላ ነው፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ የሙዝ ጭነቱ፣ የቀን ሰራተኛው እዚያ ነው። ላይ ጫፉ ላይ ሴቻ ነው። ሴቻ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም ጫካውን ያያል። አብዛኞቹ የመንግስት መስሪያ ቤቶች የተሰሩት በዚህ በላይኛው ሰፈር ስለሆነ ችግር የገጠመው የሲቀላ ሰው ዳገቱን ይወጣል። የታመመ ልጅ ያዘለች እናት፣ ቤቱ የፈረሰበት አዛውንት፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት ሁሉ ወረቀት ፍለጋ ይወጣሉ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ የሚቀርብላቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሆናችሁ?» የሚል አይደለም። «ስማችሁ መዝገብ ላይ አለ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ለችግረኛ የሚሰጥ ነገር በእጁ ያለው ሰው ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ግዴታው ነው። ያለ መዝገብ የሚሰጥ ነገር ጉልበት ያለው እየገፋ የሚወስደው ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ራሱ በር ነውና አንዱን ያስገባል፣ ሌላውን ውጭ ያስቀራል። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ በር ነው።

በእስልምና ታሪክ ይህንን በር በሰፊው የከፈቱት ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ናቸው። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ሆነ በአቡበከር (ረ.ዐ) ዘመን ለሙስሊሞች የጋራ ካዝና የሚገባው ሀብት ብዙም ሳያድር ይከፋፈል ነበር። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ግን ከኢራቅ፣ ከሻምና ከግብጽ የሚመጣው ገቢ በዛ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከባህሬን 500 ሺህ ዲርሃም ይዘው በመጡ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ቁጥሩን ማመን አቅቷቸው የሚሉትን ያውቁ እንደሆነ ደጋግመው እንደጠየቋቸው ተዘግቧል። ይህ ሁሉ ገንዘብ በእፍኝ እየተዘገነ የሚታደል አልነበረም። ስለዚህ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ዲዋን የሚባለው መዝገብ ተከፈተ፤ በ15ኛው ዓመት ነው የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ።

መዝገቡን እንዲጽፉ የተመረጡት ሶስት ሰዎች ዐቂል ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ መኽረማ ኢብኑ ነውፈልና ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም (ረ.ዐ) ነበሩ። የተመረጡበት ምክንያት የቁረይሽን የዘር ሐረግ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ባለው ቋንቋ ብንናገረው፣ ሰፈሩን ቤት ለቤት የሚያውቁ ሰዎች ማለት ነው። ከማን እንጀምር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ከኸሊፋው እንዲጀመር ሐሳብ ያቀረቡ ነበሩ። ዑመር (ረ.ዐ) አልተቀበሉትም። ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰቦች እንዲጀመር፣ የእሳቸው ጎሳ በኑ ዐዲይ ደግሞ በቅርበቱ ልክ በሚገኝበት ተራ ላይ እንዲጻፍ አዘዙ። ጎሳዎቻቸው ቅር ተሰኝተው መጡ፤ ግን ተራው አልተቀየረም። መዝገብ የሚይዝ ሰው የራሱን ዘመድ የት ላይ ይጽፋል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የዛሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፈን አልፈልግም። ዲዋኑ ሲጀመር የድሆች መዝገብ አልነበረም። የበድር ዘማች 5 ሺህ ዲርሃም ሲመደብለት፣ ዘግይቶ የሰለመው ያነሰ ይመደብለት ነበር። ከእሳቸው በፊት አቡበከር (ረ.ዐ) ለሁሉም እኩል ያካፍሉ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው መጨረሻ ወደ እኩልነቱ ለመመለስ አስበው እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎች አሉ፤ ሳይፈጽሙት ተገደሉ። መዝገቡን ወደ ችግረኛው ያስጠጋው አንድ ሌሊት የተከሰተ ጉዳይ ነው።

ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት ነጋዴዎች መዲና ደርሰው ከከተማው መስገጃ አጠገብ አረፉ። ዑመር (ረ.ዐ) ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። አንድ ህጻን ያለቅሳል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ እናቲቱ ሄደው ልጇን እንድትንከባከብ ነገሯት። ተመለሱ፤ ህጻኑ እንደገና አለቀሰ። ሁለተኛም ሄዱ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ለቅሶው ሲደገም ሶስተኛ ሄደው፣ ምን አይነት እናት ነሽ ብለው ተቆጧት። ሴትየዋ የምታነጋግረውን ሰው አታውቅም። ልጁን ከጡት እያስጣለችው እንደሆነ፣ እሱ ግን እንቢ እንዳላት ነገረቻቸው። ጊዜው ሳይደርስ ለምን አስቸኮልሽው ሲሏት፣ ዑመር የሚመድበው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው ብላ መለሰች።

የፈጅርን ሶላት ሲያሰግዱ ከለቅሶአቸው የተነሳ ሰው ቅሯታቸውን መለየት አቃተው። ስንት የሙስሊም ልጅ ገደልኩ በሚል ሐሳብ ራሳቸውን ወቀሱ። ያን ቀን ጠሪ ወጣና ልጆቻችሁን ከጡት አታስቸኩሉ፣ ለሚወለድ ህጻን ሁሉ ተመድቧል ብሎ አወጀ፤ ትእዛዙም ወደየክፍለ ሀገሩ ተላከ። ለተወለደ ህጻን 100 ዲርሃም፣ ከፍ ሲል ደግሞ 200 ይመደብ ጀመር።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ የኸሊፋውን ርህራሄ ለማሳየት ሲነገር ሰምታችሁታል። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ጡት ለጣለ ልጅ ይሰጥ የሚለው መስፈርት ሲወጣ ክፉ ሐሳብ አልነበረበትም፤ እህል የሚበላው ጡት የጣለ ልጅ ስለሆነ ነው። መስፈርቱ ግን ቤት ውስጥ ገብቶ ህጻን አስርቧል። ይህን ደግሞ ከመዝገቡ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ ሌሊት ወጥቶ መስማት ያስፈልጋል።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሂጃዝ ዝናብ ጠፍቶ ምድሩ አመድ መሰለ። ዓመቱም የረማዳ ዓመት፣ የአመድ ዓመት ተባለ። የበረሃው ሰው ወደ መዲና ጎረፈ። ዑመር (ረ.ዐ) ለሻምና ለኢራቅ ገዢዎች ጽፈው እህልና ዘይት አስመጡ፣ ትላልቅ ድስቶች ተጣዱ። አንድ ምሽት ማእድ ላይ የቀረበው ሰው እንዲቆጠር አዘዙ፤ 7 ሺህ ሆነ። ቀጥለው መምጣት ያልቻሉት፣ ማለትም በሽተኞችና ህጻናት እንዲቆጠሩ አዘዙ፤ 40 ሺህ ሆኑ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ወጥቶ ከታየው ሰው ይልቅ ቤት የቀረው ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል።

ሌላው ታሪክ የአቡ ዩሱፍ የኸራጅ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው የዓይነ ስውሩ አዛውንት ታሪክ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በሰዎች ደጅ ሲያልፉ የሚለምን ሽማግሌ አዩ። የመጽሐፉ ባለቤቶች ከሆኑት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠየቁት፤ አይሁዳዊ መሆኑን ነገራቸው። ለልመና ያበቃው ጂዝያ፣ ችግርና እርጅና መሆኑንም ነገራቸው። እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱትና ካላቸው ሰጡት። ከዚያም ወደ በይቱል ማሉ ጠባቂ ልከው እሱንና መሰሎቹን ተመልከት አሉት። በወጣትነቱ ተጠቅመንበት በእርጅናው ብንጥለው ፍትህ አላደረግንለትም የሚል ነበር ሐሳባቸው። በቁርኣን ሱረቱ ተውባ ላይ የዘካ ተቀባዮች ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ሚስኪኖች የሚለው እንዲህ ያለውን የመጽሐፉን ባለቤት ያጠቃልላል ብለው እንደተረጎሙት በዚያው ዘገባ ሰፍሯል። ጂዝያውንም አነሱለት። ልብ በሉ፣ የተረዳው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ መሰሎቹም ተጨምረዋል። ይህ ምጽዋትን ወደ አሰራር የሚቀይር ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ብዙው የታወቀ ነውና። የኡመያው ኸሊፋ አልወሊድ በ88ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሥጋ ደዌ በሽተኞች ደመወዝ ቆርጦ ከልመና እንዲወጡ፣ ለዓይነ ስውሩ መሪ፣ መራመድ ለማይችለው አገልጋይ እንዲመደብ ማድረጉን ጦበሪ ጽፈዋል። ኑረዲን ዘንጊ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላውን በ1284 (እ.ኤ.አ) በካይሮ ያሰሯቸው ሆስፒታሎች በሽተኛን ያለ ክፍያ ያክሙ ነበር። በ1552 (እ.ኤ.አ) የሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ሑረም በኢየሩሳሌም ያቋቋሙት ምግብ ቤት የኦቶማን መንግስት ካለፈ በኋላም ለድሃ ሾርባና ዳቦ ማደሉን አላቆመም። እነዚህ ሁሉ የቆሙት በወቅፍ ነው። ሱቁ፣ እርሻው፣ መታጠቢያ ቤቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ኪራዩ ለድሃው ይውላል። የወቅፍ ትርጉም በአርባ ምንጭ ለሚኖር ሰው ቀላል ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ የምትጠጣውም ከዚያው ነው። ዑስማን (ረ.ዐ) በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሁሉም የለቀቁት ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ ዋናው ሳይነካ ውሃው ይቀዳል።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። ከተማና ማዘጋጃ ቤት ከመኖሩ በፊት በጋሞ ደጋ ሰው እንዴት ይረዳዳ ነበር? እያንዳንዱ ደሬ፣ ማለትም በራሱ ወግ የሚተዳደረው አገር፣ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለው። ክርክር፣ እርቅ፣ ሹመት ሁሉ እዚያ ነው። ሃላቃ ሆኖ የሚሾም ሰው ደግሶ አገሩን ማብላት አለበት። ክብር የሚገኘው በማከማቸት ሳይሆን በማብላት ነበር ማለት ነው። መልካም ስርአት ነው፤ ግን ይህም በር ነበረው። ሸክላ በመስራትና ቆዳ በማልፋት የሚተዳደሩት ወገኖች ለረጅም ዘመን በዱቡሻው ላይ እኩል እንዳይቀመጡ ተደርገዋል። ድስቱን የሰራችው ሴት ከድግሱ ዳር ትቆም ነበር። ይህን የምናገረው ጋሞን ለማሳነስ አይደለም። በሙያው የተነሳ ሰውን ማግለል ሙስሊም በሆኑ አካባቢዎቻችንም ያየነው በሽታ ነው።

በከተማ ደግሞ እድር መጣ። በወሎ ቅሬ፣ በሐረር አፎቻ ይባላል። የወሎ ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ላይ እንደሚቀብር የምታውቁት ነው። እድር የሐዘን ቀን ድንኳን፣ ድስት፣ ገንዘብና ሰው ያቀርባል። ነገር ግን የእድር መዝገብ የሚከፍሉ ሰዎች መዝገብ ነው። ወርሃዊ መዋጮውን ደጋግሞ ያልከፈለ ይሰረዛል። ከሁሉ በላይ የደኸየው ሰው ሲሞት ቀባሪ የሚፈለግለት ከመዝገብ ውጭ ነው።

እኛ ሙስሊሞች ከመዝገብ ውጭ መሆንን በሌላ መልኩም እናውቀዋለን። በንጉሱ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንባል እንደነበር ታላላቆቻችን አይረሱትም። ነዋሪ እንጂ ዜጋ አልነበርንም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 (እ.ኢ.አ) በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱ ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች ተብሎ መጠራት ነበር። ስም ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ያንን ትውልድ ይጠይቅ።

አርባ ምንጭ ወጣት ከተማ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ መቀመጫው ወደ ሀይቆቹ ዳር የወረደው በ1950ዎቹ (እ.ኢ.አ) ነው። ወባማ ቆላ ነበርና ከደጋ መጥቶ የሰፈረው ሰው በሽታውን ተጋፍጦ ነው ከተማ ያደረገው። ሙስሊሙ በዞኑ ውስጥ በቁጥር ትንሽ ነው፤ ብዙው በንግድና በስራ ከሌላ አካባቢ የመጣ ቤተሰብ ነው። መጤ መሆን ደግሞ በችግር ጊዜ የራሱ ክብደት አለው። የጋሞው ተወላጅ ሲቸግረው የሚወጣበት ደጋ፣ እንሰት የተተከለበት የአባት ጓሮ ይኖረዋል። መጤው ከጀመዓው ሌላ ጓሮ የለውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 (እ.ኢ.አ) የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ የቀበሌ ማህበር ተቋቋመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የድሃው ጎጆም ቁጥር ተለጠፈባት፤ በውስጧ ስንት ነፍስ እንዳለ ተጻፈ። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ስር ገቡ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። በዚያች አነስተኛ ኪራይ ልጆች አሳድገው ያገቡ ስንት እናቶች አሉ! ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በኩል በደብተር ይታደል ነበር። መክፈል ለማይችለው በሽተኛም ቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ይጽፍለት ነበር። ያው መዝገብ ግን ወጣቱን ለጦር ሜዳ የሚለቅም መዝገብም ነበር። ሰው ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥበት ዘመን ነበርና ለዘይት የተጻፈው ስም ለብሄራዊ ውትድርና ይፈለጋል። ከዚያ ዘመን የተረፈ አባት ዛሬም ቆጣሪ ቤቱ ሲመጣ የልጆቹን ቁጥር ሲያሳንስ ብታዩት አትፍረዱበት።

የነጻ ሕክምናው ወረቀት መንግስት ከተለወጠም በኋላ ቀጠለ። ችግሩ ሰው የሚጠይቀው ከታመመ በኋላ መሆኑ ነው። በሽተኛው አልጋ ላይ ሆኖ ዘመዱ ምስክር ይፈልጋል፣ ማህተም ይፈልጋል፣ ሊቀ መንበሩን ይፈልጋል። በ2003 (እ.ኢ.አ) በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይህን ለመቀየር የታሰበ ነበር። ቤተሰቡ ሳይታመም በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ሲታመም ይታከማል። መክፈል የማይችለውን ደግሞ ጎረቤቶቹ በስብሰባ ይለዩታል፣ ክፍያውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል። አሰራሩ ከሞላ ጎደል ያማረ ነው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ ድሃ ነው ተብሎ ለመጻፍ እጅ የሚያወጣልህ ሰው ያስፈልጋል። ለስብሰባው የማይጠራው ሰውዬስ?

ስለ ሴፍቲኔትም ላንሳ። የገጠሩ በ1997 (እ.ኢ.አ) ተጀመረ፣ ሲጀመርም ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ያህል ያዘ። ከተማው መጠበቅ ነበረበት። በ2007 (እ.ኢ.አ) የማህበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸደቀ፣ ከዚያም የከተማው ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ተጀመረ። ያኔ ደቡብ ክልል ይባል ከነበረው የተካተተችው ሀዋሳ ብቻ ነበረች። የአርባ ምንጭ ድሃ ስለ ፕሮግራሙ በራዲዮ ብቻ ሰማ። ቀጣዩ ምእራፍ ከ2013 (እ.ኢ.አ) ወዲህ 83 ከተሞችን እንዲይዝ ታቅዶ ተዘጋጀ። መስራት የሚችለው መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ከሚከፈለውም 20 በመቶውን እንዲቆጥብ ይደረጋል። መስራት የማይችለው አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛና በሽተኛ ሳይሰራ ይረዳል። የሚመርጠው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ነው፤ ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው ቅሬታውን ያሰማል። ሀገራችን እስከዚህ መድረሷ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መታወቂያ የሌለው፣ ትናንት ከደጋ ወርዶ ሲቀላ በረንዳ ላይ ያደረ ወጣት፣ በቀን ሂሳብ አልጋ የሚከራይ የሙዝ ጫኝ የነዋሪ ዝርዝር ላይ የሚገኘው እንዴት ነው? ፕሮግራሙ ለጎዳና ተዳዳሪዎች የተለየ ክፍል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ማን ነዋሪ ነው የሚለው ጥያቄ ከዘይትና ከእህል በላይ የሚሆንበት ቀንም አለ። መስከረም 2011 (እ.ኢ.አ) በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ሲገደሉና ሲፈናቀሉ መርዶው አርባ ምንጭ ደረሰ። የተቆጣ ወጣት በከተማዋ ባሉ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ላይ ለመበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሳር የያዘን አባት ረግጦ ማለፍ አይቻልም፤ ወጣቱም ተመለሰ። የእነዚያ አባቶች መዝገብ በወረቀት አልነበረም። ግን እንግዳውን ከነዋሪው ቆጥረውታል።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ ልግባ፤ እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መስጊድ የፊትራ እህል የሚሰጣቸውን ሰዎች ስም እንዲጽፉ ከተመደቡት አንዱ ነበርኩ። ደብተር ገዛን፣ በረመዳን መጨረሻዎቹ ቀናት ከመግሪብ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን፣ የመጣውን ሁሉ ጻፍን። ኢድ ዋዜማ እህሉን አከፋፈልን፣ ደስም አለን። ከኢድ በኋላ በሰፈሬ አንዲት እህት አገኘሁ። ባሏ ሞቶባታል፤ ሶስት የቲሞች እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ታሳድጋለች። ምንም አልደረሳትም። «እህቴ፣ ለምን መጥተሽ አልተመዘገብሽም?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ ከመግሪብ በኋላ እኮ እንጀራ የሚሸጥበት ሰዓት ነው» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩት። ሁለት ጊዜ የተጻፉ ስሞች አገኘሁ። ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ የሚለው መስፈርት ትዝ አለኝ። የእኛ መስፈርት አልተጻፈም እንጂ፣ ከመግሪብ በኋላ ጊዜ ላለው ብቻ የሚል ነበር።

በተከታዩ ረመዳን ኢማሙን አማከርንና ሰዓቱን ተውነው። ሶስት እናቶች ከሻዕባን ጀምረው ቤት ለቤት እንዲዞሩ ተደረገ። ወንድ ለሰላምታ በር ላይ ሲቆም፣ ሴት እስከ ማድቤት ትገባለች፤ ምድጃው ከመቼ ጀምሮ እንዳልነደደ ታያለች። እናቶቹ ያመጡት ዝርዝር የእኛን አይመስልም ነበር። መስጊድ ደጅ ላይ አይተናቸው የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩበት፤ አልጋ ላይ የቀሩ፣ ወልደው ያረሱ፣ ለመምጣት የሚለብሱት ያጡ። ማእድ ላይ ያልቀረቡት 40 ሺህዎች ማለት እነዚህ ናቸው።

እንጀራ ጋጋሪዋ እህት ቤትም ገቡ። ስሟን ሲጽፉ እማማን ጻፉልኝ ብላ የጎረቤቷን ስም አስጠራች። አሮጊቷ ክርስቲያን ናቸው፤ ልጆቻቸው ለሽመና አዲስ አበባ ገብተው ቀርተዋል፣ እሷ ስትጋግር ምጣዱ አጠገብ ተቀምጠው ልጆቿን ይይዙላታል። ጉዳዩ ወደ ኢማሙ መጣ። ከእኛ አንዱ ዘካ ለሙስሊም ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ፤ አብዛኞቹ ዑለሞች ዘካን በተመለከተ የሚሉት ይህንኑ ነውና ልጁ አልተሳሳተም። ኢማሙ ሶደቃ ግን በር እንደማይዘጋ አስረዱን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአስማእ (ረ.ዐ) ሙሽሪክ የነበረችውን እናቷን እንድትቀጥል መፍቀዳቸውን፣ ፊትራን ደግሞ ኢማም አቡ ሐኒፋ ሙስሊም ላልሆነ ድሃም መስጠት እንደሚቻል ማየታቸውን ነገሩን። ከዚያ ስለ ዓይነ ስውሩ አዛውንት ተረኩልን። ውሳኔው ለእማማ ከሶደቃው ሳጥን እንዲሰጥ ሆነ፤ ክርክርም እንዳይነሳ፣ ችግረኛዋም እንዳትቀር።

ደብተሩ ዛሬም አለ። በየዓመቱ ይታደሳል፣ የሞተ ይሰረዛል፣ ራሱን የቻለ በራሱ ጥያቄ ስሙን ያስወጣል። ሰኔ 2012 (እ.ኢ.አ) በአዋጅ ቁጥር 1207 የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤታችን ህጋዊ ሰውነት ካገኘ ወዲህ፣ ኪራዩ ለእንዲህ ያለው ደብተር የሚውል አንድ የወቅፍ ሱቅ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ቢኖረን የሚለው ወሬ በጀመዓው መካከል ይነሳል፣ ይወድቃል። እናቶቹ ግን ሱቁን አልጠበቁም። ዘንድሮም በሻዕባን ወጥተው ከሲቀላ ጀምረዋል፤ ባለፈው ሳምንት የደረሱት ቁልፎ ወንዝ አጠገብ ያሉት ቤቶች ጋ ነው።